ማንነቱ ላልታወቀ አስመላሽ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለ፦ ሌሊት ሌሊት ምንጣፍ ላይ ለሚያስመልሱት ድመት
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ራስዎን እንዲያሳውቁ ስለ መጠየቅ

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ጾታዎ ገና ስላልተጣራ አንቱ ብዬ ለመጻፍ ተገድጃለሁ። ከአራቱ ድመቶቼ ጎበዜ የሚባለው ከሆኑ ግን አንቱታው ከዚህ መስመር ጀምሮ ተነሥቷል።

በርዕሱ ለመግለጽ እንደተሞከረው፣ በዚህ ቤት አራት ድመቶች ይኖራሉ፤ ከአራቱ አንዱ ታሟል። ማን እንደታመመ የሚያውቀው ታማሚው ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ ትንፍሽ አይልም። እኔን ከእንቅልፌ የሚቀሰቅሰኝ ያ «እኽ፣ እኽ፣ እኽ» የሚለው ድምፅዎ ነው። ተንደርድሬ መብራቱን እስካበራ ሥራው ተጠናቋል። ምንጣፉ ላይ ቢጫ አረፋ፤ ዙሪያውን አራት ድመት። እማማ ውሮ ዓይኗን ከድናለች፣ ቡኒት መዳፏን ትልሳለች፣ ጢሞ ግድግዳውን አተኩሮ ያያል፣ ጎበዜ ደግሞ፣ ከይቅርታ ጋር፣ ማስረጃውን ሊበላው ያሸታል። የዕድር ስብሰባ ላይ «ሒሳብ ሹም የሚሆን እጁን ያውጣ» ሲባል እንኳ እንዲህ ዓይነት ዝምታ አይወርድም።

በነገራችን ላይ ሳሎኑም ኮሪደሩም ሴራሚክ ነው፤ በአንድ እርጥብ ጨርቅ ጥርግ ይላል። እርስዎ ግን ያችን አንዲት ምንጣፍ ፈልገው ያገኟታል። እሷ ታጥባ ከተሰጣች ደግሞ ለቅዳሴ ያዘጋጀሁትን ነጠላ። ለምርጫዎ ያለኝን አድናቆት በዚህ አጋጣሚ እገልጻለሁ።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ ለእናንተ ዘር እንዳልተነገረ ገብቶኛል። አዳኝም ታዳኝም ሆናችሁ የኖራችሁ ናችሁና፣ ዱር ውስጥ መድከሙ የታወቀበት ድመት የሌላው ቁርስ ነው። ይሁን። እዚህ ሳሎን ውስጥ ግን ማን ሊበላዎት ነው? ሶፋው?

ለእንስሳት ሐኪሙ ስደውልላቸው የመጀመሪያ ጥያቄያቸው «የትኛው ነው?» ሆነ። እሱን ባውቅ ምን አስደወለኝ። «ምግብ የተወው የቱ ነው?» አሉ። በእኛ ቤት ሳህን ላይ የሚተርፍ ነገር የለም። እርስዎ ሁለቴ ልሰው ሲሄዱ ጎበዜ የራሱንም የእርስዎንም ያጠናቅቀዋል። «የሚተኛውስ?» ከቀኑ ግማሽ በላይ በእንቅልፍ የሚያሳልፍ ፍጡር ላይ ይህ ምልክት ይሆናል?

ቀጥሎ ሚዛን ታዘዘ። እያንዳንዳችሁን ታቅፌ ሚዛን ላይ እወጣለሁ፣ የራሴን ክብደት እቀንሳለሁ፣ ቁጥሩን ደብተር ላይ አሰፍራለሁ። አራት ኪሎ የሚመዝን ድመት ግማሽ ኪሎ ቢቀንስ፣ 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው ሰባት ኪሎ ተኩል እንደቀነሰ ነው፤ ስለዚህ ነገሩ ቀላል አይደለም። በዚህ ምርመራ እስካሁን የከሳሁት እኔ ብቻ ነኝ።

ከዚያ የቀለሙ ዘዴ መጣ። መርዝ የሌለበትን የልጆች ክራዮን በደቃቁ ፍቆ ምግብ ላይ መነስነስ፣ ለእያንዳንዱ ድመት የተለየ ቀለም። ሆድ አይፈጨውም፣ እንደገባ ይወጣል፤ አሸዋው ላይ የማን ምን እንደሆነ ይለያል። «ቀዩን ግን ተይው፣ ደም መስሎሽ ትደነግጫለሽ» አሉኝ ሐኪሙ። ለእማማ ውሮ አረንጓዴ፣ ለቡኒት ሐምራዊ፣ ለጢሞ ሰማያዊ፣ ለጎበዜ ብርቱካናማ መደብኩ። በማግስቱ አሸዋው ላይ አራቱም ቀለም ያለበት አንድ ዓይነ ምድር ተገኘ። የማን እንደሆነ ለማወቅ አጣሪ ኮሚቴ አላስፈለገም። እርስዎ ግን አሁንም አልተገኙም።

ጎረቤታችን እትዬ፣ አዛኝ ናቸው፣ «ፓራሲታሞል ፈጭተሽ በወተት አጠጪያቸው» ብለው መክረውኛል። ፓራሲታሞል ለድመት መርዝ ነው፤ ጉበታችሁ ሊያስወግደው ስለማይችል አንዲት ኪኒን ልትገድል ትችላለች። ወተቱም ቢሆን አብዛኞቻችሁ ካደጋችሁ በኋላ አይስማማችሁም፤ ትውከቱ ላይ ተቅማጥ ይጨምርልኛል። አመስግኜ ሸኘኋቸው፤ ይህን የምጽፈው ግን ነገ ጠዋት እርስዎ በር ላይ «ሚያው» ብለው እንዳያሳዝኗቸው ነው።

ደግሞም ቀልድ የማይገባበት አንድ ነገር አለ። ጎበዜም ሆንክ ጢሞ፣ አሸዋው ላይ እየተመላለስክ ብታምጥና ሽንት ጠብ ባይልልህ ይህን ደብዳቤ እርሳው። የወንድ ድመት የሽንት ቧንቧ ጠባብ ነው፤ ከተዘጋ በሁለት ሦስት ቀን ይገድላል። ያኔ ሌሊትም ቢሆን በዘንቢል ይዤህ እሮጣለሁ።

በመጨረሻም ለየብቻ ዘጋሁባችሁ፦ መኝታ ቤት፣ ማድ ቤት፣ ሻወር ቤት፣ ሳሎን፤ ለየራሳችሁ አሸዋ፣ ለየራሳችሁ ውኃ። ጎበዜ በሩን እየቧጨረ ሰፈሩን ቀሰቀሰ። ያስመለሰ ግን አልነበረም። ሁላችሁም በአንድ ሌሊት ዳናችሁ! እልል ብዬ በሮቹን ከፈትኩ። ቡና ሳልቆላ ምንጣፉ ረጠበ።

ስለዚህ እስከ ዓርብ ራስዎን ካላሳወቁ አራታችሁም በአራት ዘንቢል ወደ ክሊኒክ እንደምትሄዱ፣ አራታችሁም መርፌ እንደምትወጉ፣ የአራት ካርድ ክፍያውም ከዓሣችሁ ላይ እንደሚቀነስ በጥብቅ አሳስባለሁ።

ከሠላምታ ጋር
የቤቱ ባለቤት (እናንተ ሠራተኛችን የምትሏት)

ግልባጭ፦
ለእማማ ውሮ፣ ለቡኒት፣ ለጢሞ፣ ለጎበዜ
ለሦስታችሁ እንድታውቁት ያህል ብቻ