የድሮ ሸክላ ወደ ኮምፒውተር ስንገለብጥ ቀልዱን አንጣለው

የባላገር ዘፈን የተቀረጸባቸው የድሮ ሸክላዎች በዩቲዩብና በቴሌግራም መሰማት መጀመራቸው ደስ ያሰኛል። የሚያስቆጨው፣ ብዙ ጊዜ አዝማሪው ከዘፈኑ በፊት የሚጥላት ጨዋታ፣ በመሐልም የአጃቢዎቹ ሳቅና «ይበል!» ተቆርጦ መጣሉ ነው። የተረፈው ደግሞ በኮምፒውተር «ይጸዳል»። ዜማው ይሰማል፤ ቀልዱ ግን የለም።

ባለ 7 ኢንች የ45 ዙር ሸክላ (በደቂቃ 45 ጊዜ የሚዞረው) በአንድ ፊቱ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ቢይዝ ነው። ጠጅ ቤት ሲቀኝ የሚያመሽ አዝማሪ ከዚያች ላይ ጥቂት ሰከንድ ለወሬ ከሰጠ፣ ወሬው ከዘፈኑ እኩል ስለሚያስፈልገው ነው። በጨዋታቸውና በግጥማቸው የታወቁት ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1908 ጀርመን ላይ ድምፃቸውን ካስቀረጹ ጀምሮ ሸክላ የጨዋታም መዝገብ ነው።

ማጽጃው ፕሮግራም የሚያደርሰው ጉዳት ቀላል አይደለም። ጭረት የሚሰማው አጭር «ጠቅ» ሆኖ ነው፤ ፕሮግራሙ እንዲህ ያለውን ድምፅ እያደነ ይሰርዛል። ጠ፣ ቀ፣ ጨ ሲነገሩ የሚፈነዱትም እንደዚያው በአጭሩ ስለሆነ አብረው ይሸረፋሉ። ሁለት ፍቺ የሚይዘው ኅብረ ቃል ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚያርፈው ቃሉ ጠብቆ ወይም ላልቶ በመነገሩ ላይ ነው። ፊደላችን ይህን ስለማያሳይ ግጥሙን በጽሑፍ ማስቀመጥ ድምፁን አይተካም። የማሲንቆው ጭራ ፍትጊያም ለፕሮግራሙ የመርፌው ፍትጊያ ይመስለዋል።

ስለዚህ መጀመሪያ ማጠብ ነው። ከአዲስ አበባ ዳር፣ ኮረኮንች መንገድ አጠገብ የኖረ ሸክላ ቦዩ፣ ማለትም መርፌው የሚሄድበት ቀጭን መስመር፣ በአቧራ የተሞላ ነው፤ ሳይታጠብ ከተጫወተ መርፌው አቧራውን እየፈጨ ቦዩን ይፍቀዋል። ለ1 ሊትር ዲስቲልድ ውሃ 2 ወይም 3 ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና ይበቃል። ለስላሳ ጨርቅ ተይዞ ቦዩን ተከትሎ ዙሪያውን ይታጠባል እንጂ ከመሐል ወደ ዳር አይፈተግም። መሐሉ ላይ ያለው ወረቀት ውሃ አይንካው። ከዚያ ማለቅለቅና አቁሞ ማድረቅ ነው። ከ45ቱ የሚቀድመውን የ78 ዙር ሸክላ አልኮል ስለሚያሟሟው ከአልኮል ይራቅ። መርፌውም ይለያል፤ ለ45ቱ 25 ማይክሮን አካባቢ፣ ለ78ቱ 75 ገደማ።

ከሁሉ የሚብሰው ፍጥነት ነው። የአንዳንድ የድሮ ማጫወቻዎች ሞተር የሚዞረው የመብራቱን ሄርዝ (ኤሌክትሪኩ በሰከንድ የሚመላለስበትን ቁጥር) ተከትሎ ነው። ከአሜሪካ የመጣ፣ ለ60 ሄርዝ የተሠራ እንዲህ ያለ ማጫወቻ በእኛ 50 ሄርዝ 45ቱን ዙር ወደ 37.5 ያወርደዋል። ድምፁ በሦስት ሴሚቶን (ግማሽ ቃና) ያህል ይወፍራል፣ ሴቷ ዘፋኝ ወንድ ትመስላለች፣ ቶሎ ተብሎ መጣል ያለበት ቀልድም ይጎተታል። ሱሉልታ ወይም ሰበታ መብራት ጠፋ ብሎ በጄኔሬተር መገልበጥም ፍጥነቱን ያዋዥቃል፤ መብራቱ እስኪመለስ መጠበቅ ይሻላል።

ቅጂው በ24 ቢትና በ96 ኪሎ ሄርዝ ጥራት፣ ድምፁን ሳይጨምቅ በሚያስቀምጠው በዋቭ ፋይል ይሁን። መርፌው ከማረፉ በፊት ይጀመር፣ ከተነሣ በኋላ ይቁም። ማሳመር የፈለገ ግልባጩን ያሳምር፤ ጥሬው አይነካ።

ከዚያ የአካባቢው ሰው ይስማው። የከተማ ዳር ቀልድ የገበያ ቀንና የወንዝ መሻገሪያ እየጠራ ያልፋል። በሰንዳፋና በሆለታ አካባቢ በአማርኛ የተጀመረ ስንኝ በኦሮምኛ ቃል ቢቋጭ አይገርምም፤ አንዱን ቋንቋ ብቻ የሚያውቅ ግማሹ ያመልጠዋል። እርሻው ኮንዶሚኒየም በሆነበት ሁሉ ጎረቤት ስለተበተነ እንዲህ ያለውን ሰሚ ፈልጎ ማግኘት እየከበደ ነው።

ለአንድ ሽማግሌ ብቻ ከማሰማት ሦስት አራት ሰው ሰብስቦ ማሰማት ይበጃል። ለብቻው የተጠየቀ ያሳጥረዋል ወይም ያፍራል፤ አንድ ላይ ሲሆኑ ግን ይከራከራሉ፣ ይተራረማሉ። በመሐል እያቋረጡ «ምን ማለት ነው?» ማለት ጨዋታውን ያደርቀዋል፤ የሳቁበትን ደቂቃና ሰከንድ ይዞ በኋላ መመለስ ነው። ሁለት ፍቺ ከመጣ ሁለቱም ይጻፍ። ስንኙ ሰው በስም ጠርቶ የሚነካ ከሆነ ልጆቹ እዚያው ሰፈር ሊኖሩ ስለሚችሉ፣ ማብራሪያው ከጥሬው ቅጂ ጋር ይቀመጥ እንጂ ከቪዲዮው ሥር አይለጠፍ።