ለሰማይ የተገዛ ምንጣፍ

ድሮን የገዛ ሰው ሐሳቡ ሁሉ ከላይ ነው። ከፍታውን፣ ርቀቱን፣ ከአየር ላይ የሚያነሣውን ፎቶግራፍ ያልማል እንጂ፣ የወጣው ነገር ተመልሶ የሚወርድበት መሬት አቧራ፣ ጠጠርና እርጥብ ሣር ያለበት መሆኑን የሚያስታውሰው መሣሪያው ሊያርፍ ጥቂት ክንድ ሲቀረው ነው። ያን ጊዜ የፕሮፔለሮቹ ንፋስ አቧራውን ያስነሣዋል፣ አቧራውም ካሜራውን በሚያረጋጋው ስስ መገጣጠሚያ ውስጥ ይሰገሰጋል፤ በሞተሮቹ ውስጥ ጠንካራ ማግኔት ስላለም በአሸዋው ውስጥ ተደብቃ የኖረች የብረት ብናኝ ሁሉ ጥሪ እንደ ደረሳት ተስባ ትገባለች። መፍትሔው ድሮኑ የሚነሣበትና የሚያርፍበት አንድ ክብ የጨርቅ ምንጣፍ ነው።

ቀድሞ ነገሩ ይህን ያህል አያሳስብም ነበር። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2013 ለገበያ የቀረበው ፋንተም የተባለ ድሮን ረጃጅም እግሮች ስለ ነበሩት ሣሩን ከላይ ሆኖ ይመለከተው ነበር። በ2016 የመጣው ማቪክ ፕሮና ከእሱ ወዲህ የተከተሉት ተጣጣፊ ድሮኖች ግን በትንሽ ቦርሳ እንዲያዙ ሲባል እግራቸው አጠረ፣ ሆዳቸውም ወደ መሬት ቀረበ። ድሮኑ ታጥፎ የቆጠበውን ቦታ ምንጣፉ መጥቶ ወሰደው።

ድሮኑን በእጅ መቀበል ምንጣፉን ይተካል የሚሉ አሉ። በአንድ እጃቸው ሪሞቱን ይዘው በሌላው እጃቸው የሚሽከረከር ፕሮፔለር ያለውን ነገር ከአየር ላይ ሊለቅሙ ሲንጠራሩ ላያቸው ሰው፣ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ስለ ጣለችው ሴት የተነገረው ተረት የተተረተው ለእነሱ ይመስለዋል። በዚህ የተካኑ መኖራቸው አይካድም፤ ጣታቸውን ግን ሁልጊዜ መቁጠር አለባቸው።

ወደ ምርጫው ስንመጣ፣ በብዛት የሚገኙት 55፣ 75 እና 110 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያላቸው ናቸው። ልኩ መመረጥ ያለበት በድሮኑ መጠንና በሚያርፍበት ቦታ ንፋስ ነበር፤ በተግባር ግን የሚመረጠው ባለቤቱ በራሱ ላይ ባለው እምነት ነው። 249 ግራም ለሚመዝን ድሮን 110 ሴንቲ ሜትር የሚዘረጋ ሰው፣ ለእንግዳው ክብር ሳይሆን ለራሱ እጅ መንቀጥቀጥ ነው ያነጠፈው። ለአብዛኛው ተጣጣፊ ድሮን 75 ሴንቲ ሜትር የሚበቃ ሲሆን፣ ከስፋቱ ይልቅ መታየት ያለበት ክብደቱ ነው። ስስ የሆነው ርካሽ ምንጣፍ ድሮኑ ሲቃረብ ጠርዙ በንፋሱ ይነሣና እንግዳውን ሊቀበል ብድግ ይላል፤ ተቀባይና እንግዳ በፕሮፔለሩ ላይ ሲገናኙም የሚተርፈው አንዳቸው ብቻ ነው። ስለዚህ ዙሪያው ክብደት ያለው፣ ወይም ጠንካራ ሰሌዳ የተሰፋበት ይመረጣል። አብሮ የሚሸጠው ካስማ ሣር ላይ ይረዳል። አስፋልት ላይ ግን ካስማ ይዞ መቆም ትዝብት ነው፤ በጠርዙ ላይ ድንጋይ መጫን የግድ ከሆነም ድንጋዩ ጠፍጣፋ ይሁን።

ቀለሙ ብዙውን ጊዜ በአንድ ፊት ብርቱካናማ፣ በሌላው ሰማያዊ ነው፤ በመሬቱ ላይ ጎልቶ የሚታየው ወደ ላይ ይደረጋል። የሚያብረቀርቅ ጨርቅ አይመከርም፤ ከድሮኑ ሆድ ሥር ያለችው ካሜራ መሬቱን የምትለየው በላዩ ባለው ምልክትና ጥለት ስለሆነ፣ ነጸብራቅ ግራ ያጋባታል። በመካከሉ የተጻፈው ትልቅ ፊደል ከሄሊኮፕተር ማረፊያ የተወረሰ ሲሆን፣ ባለቤቱን በአንድ ጊዜ ከተራ ሰውነት ወደ አየር ማረፊያ ኃላፊነት ያሳድገዋል። ምንጣፉ ከመዘርጋቱ በፊት ከጓደኞቹ ጋር ይሳሳቅ የነበረው ሰው፣ ከተዘረጋ በኋላ ድምፁ ይጎረንናል፣ እጁን ወደ ኋላ ያጣምራል፣ ሰማዩንም ቀጠሮ እንዳረፈደ ባለጉዳይ ይገላምጠዋል።

እንደ እኔ አስተያየት ምንጣፉ ከድሮኑ ይልቅ የሚሠራው በሰው ላይ ነው። «እባካችሁ ራቅ በሉ» የሚለውን ቃል ከቁም ነገር ያልቆጠረ ተመልካች፣ አንድ ክብ ጨርቅ መሬት ላይ ሲያይ ሳይነገረው ዙሪያውን ተሰልፎ ይቆማል። ችግሩ የሚቆመው ልክ ከጠርዙ ላይ መሆኑ ነው፤ ጨርቁ ቢበዛ 1 ሜትር ገደማ ሲሆን ከሚሽከረከር ፕሮፔለር መራቅ የሚገባው ግን ብዙ ሜትር ነው። ሕፃናት በፊደሉ ላይ ቆመው እጃቸውን እያወናጨፉ ለመብረር ይሞክራሉ። ውሻ ካለ ይተኛበታል። ለሽርሽር የተነጠፈ የመሰለው ዘመድ ደግሞ ጫማውን አውልቆ ይቀመጥና «አንተስ ምን ያቆምሃል?» ብሎ ባለቤቱን ይጋብዛል።

ከሁሉም የሚከፋው አሳቢው ጓደኛ ነው። ድሮኑ አየር ላይ ሳለ ምንጣፉ ፀሐይ እንዳይመታው ብሎ ወደ ጥላ ያዛውረዋል። እነዚህ መሣሪያዎች በጂፒኤስ ብቻ ሲመለሱ ከተነሡበት ቦታ ጥቂት ሜትሮች ሊስቱ ስለሚችሉ፣ ብዙዎቹ ሲነሡ የመሬቱን ምስል ይዘው በመውጣት ሲመለሱ ከሚያዩት ጋር ያመሳክሩታል። ለዚህም ቀጥ ብለው ወደ ላይ መውጣት ያስፈልጋቸዋል፤ በአንዳንድ ሞዴሎች መመሪያ ላይ የተጻፈው ቢያንስ 7 ሜትር ነው። ተመልካች የሰበሰበ ባለቤት ግን ይህን ያህል መታገሥ ሞቱ ነው፤ ገና ከመነሣቱ ወደ ጎን ያስወነጭፈዋል። በመጨረሻ ድሮኑ ከምንጣፉ አጠገብ፣ አቧራው ላይ፣ በታላቅ እርጋታ ያርፋል። ባለቤቱም ምንጣፉን በእግሩ ገፋ ገፋ አድርጎ ከሥሩ ለማስገባት ከሞከረ በኋላ፣ «ዛሬ እዚህ እንዲያርፍ ነው የፈለግሁት» ይላል። የሚቃወመው የለም።

እስካሁን የተባለው ሁሉ ግን ከማጠፉ ጋር ሲነጻጸር ቀላል ነው። የብዙዎቹ ምንጣፎች ጠርዝ በውስጡ ስፕሪንግ የሆነ የብረት ቀለበት አለው። (የድሮኑን ኮምፓስ ማስተካከል ያስፈለገው ሰው ከዚህ ብረት፣ እንዲሁም ብረት ካለበት ኮንክሪት ራቅ ብሎ ያስተካክል።) ምንጣፉ ከከረጢቱ ሲወጣ ያለ ማንም እርዳታ ተስፈንጥሮ ይዘረጋል፤ መመለስ ግን አይወድም። ደንቡ ሁለቱን ጠርዞች ይዞ በተቃራኒ አቅጣጫ መጠምዘዝና የተፈጠሩትን ቀለበቶች አንዱን በሌላው ላይ መደራረብ ነው። ሲነበብ ቀላል ነው። ሲሠራ ግን ምንጣፉ አንድ ጊዜ አገጭ ይመታል፣ አንድ ጊዜ መነጽር ያወልቃል። በበረራው ጊዜ ስለ አየር ሕግም ሆነ ስለ ባትሪ ቃል ያልተነፈሰው ተመልካች ሁሉ በዚህ ሰዓት ባለሙያ ይሆናል፤ «ስጠኝ እስቲ ወንድሜ፣ እንዲህ እኮ አይደለም» እያለ በየተራ ይቀበላል፣ በየተራ ይሸነፋል፣ «የዚህኛው ብረት ሌላ ዓይነት ነው» ብሎም ለሚቀጥለው ያስረክባል። የአየር ማረፊያው ኃላፊ ሥልጣኑን የሚያስረክበው ያን ጊዜ ነው።

ከመግዛት በፊት እንደ መጽሐፍ የሚታጠፈውን ባለ ሰሌዳ ዓይነት መምረጥ፣ አለዚያም ማጠፉን ቤት ውስጥ በር ዘግቶ መለማመድ ይህን ሁሉ ያስቀር ነበር። ገዢዎች ይህን የሚረዱት ከገዙ በኋላ ስለሆነ ግን፣ ድሮኑ ታጥፎ በትንሿ ቦርሳ ሲጓዝ፣ ምንጣፉ እንደ ተዘረጋ የመኪናውን የኋላ መቀመጫ ለብቻው ይዞ ይመለሳል፤ አሳቢው ጓደኛም በእግሩ ይከተላል።