ውክልና ሽያጭ አይደለም

ወገኖቼ፣ መኪና ሸጣችሁ ውክልና ሰጥታችሁ መሄዳችሁን ተዉ። ቤት ገዝታችሁ የውክልና ወረቀት ቁም ሣጥን ውስጥ ቆልፋችሁ በሰላም መተኛታችሁንም ተዉ። ብሩ ተቆጥሮ፣ ቁልፉ ተሰጥቶ፣ ውልና ማስረጃ ድረስ አብራችሁ ከሄዳችሁ በኋላ በሽያጭ ውል ፈንታ ውክልና ትፈራረማላችሁ። ምክንያቱ የስም ማዞሪያው ወጪ ነው፤ አለዚያም ደላላው «ይኼ ይቀላል» ስላላችሁ ነው።

አንተ የገዛኸው፣ ስማ። ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር ወካዩ የሞተ ዕለት ውክልናው አብሮት ይሞታል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን የሚለው ይህንኑ ነው። ሳይሞትም ቢሆን ባሰኘው ጊዜ ሊሽረው ይችላል። ሙሉ ዋጋ ከፍለህ የያዝኸው በሌላ ሰው ስም የመሥራት ፈቃድ ብቻ ነው። ወራሾቹ «የአባታችን ንብረት ነው» ብለው በር ሲያንኳኩ ምን ትላቸዋለህ? የቤት ከሆነማ ቁጥር 1723 ግልጽ ነው፤ የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤትነት የሚያስተላልፍ ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው ሰው ፊት መደረግ አለበት።

አንተም የሸጥኸው፣ ብሩን ስለተቀበልህ ተገላገልሁ አትበል። ሊብሬው፣ የመኪናው የባለቤትነት ደብተር፣ በስምህ እስካለ ድረስ መኪናው ሰው ቢገጭ ክሱ አንተን ፈልጎ ይመጣል። ቁጥር 2081 ተጠያቂ የሚያደርገው የመኪናውን ባለቤት ነው፤ መሪውን የያዘው ሌላ ሰው መሆኑ ነጻ አያወጣህም። ከሸጥህ ስም አዙር።

በአረብ አገር፣ በአሜሪካ፣ በአውሮፓ የምትኖሩ እኅቶቼና ወንድሞቼ፣ ለእናንተም የምለው አለኝ። በቆንስላ በኩል ለወንድም፣ ለአጎት፣ ለጓደኛ የምትልኩት ወረቀት ላይ «ለመሸጥ፣ ለመለወጥ፣ በስጦታ ለማስተላለፍ፣ በመያዣ ለማስያዝ» የሚለው ሐረግ ከየት ገባ? የኪራይ ገንዘብ እንዲሰበስብላችሁ ነበር የፈለጋችሁት። ሕጉ በቁጥር 2204 እና 2205 በጠቅላላ አነጋገር የተሰጠ ውክልና ከማስተዳደር ሥራ እንዳያልፍ፣ ቤት ለመሸጥ ወይም ለማስያዝ ልዩ ሥልጣን እንዲያስፈልግ ያደረገው እናንተን ለመጠበቅ ነው። እናንተ ግን የተዘጋጀ ቅጽ ሳታነቡ ፈርማችሁ ያን ጥበቃ በገዛ እጃችሁ ታነሣላችሁ። ለዓመታት በሰው ቤት ለፍታችሁ የሠራችሁት ቤት ነው! የሚያስፈልገውን ሥራ ብቻ አስጽፉ። ዘመዱን ስለምትወዱት የቤቱን ዕጣ ፈንታ ልትሰጡት አይገባም።

ቃለ መሐላን ያቀለላችሁም ተመለሱ። ቤት ለመሸጥ ሲል ባለትዳር ሆኖ «አላገባሁም» ብሎ የሚምል አለ፤ «እናውቀዋለን፣ ላጤ ነው» ብሎ የሚፈርምለት ምስክርም አይጠፋም። የ1992 የቤተሰብ ሕግ በአንቀጽ 68 የጋራ ቤት ያለሁለቱ ተጋቢዎች ስምምነት እንዳይሸጥ የደነገገው ሚስት ወይም ባል ሳያውቁ ሜዳ ላይ እንዳይወድቁ ነው። በዚያች የምስክርነት ፊርማ ልጆች ከቤታቸው ይወጣሉ። ለጓደኛ ውለታ ብላችሁ የሰው ጎጆ አታፍርሱ።

ሰነድ አረጋጋጩ ማንነታችሁን ሲያጣራ፣ የባለቤትነት ማስረጃ ሲጠይቅ፣ «ፊቴ ፈርሙ» ሲል ደግሞ «አጉላላን» ብላችሁ ትቆጣላችሁ። በአዋጅ ቁጥር 922/2008 የተጣለበትን ግዴታ እየተወጣ ነው። እናንተም አረጋጋጮች፣ ወረፋው ረዘመ ብላችሁ «አንብበሃል?» በምትል አንዲት ጥያቄ አትለፉት። ፊደል የማይለዩ እናት ፊታችሁ ከቆሙ ምን እየፈረሙ እንደሆነ በሚገባቸው ቋንቋ ንገሯቸው።

ቀድሞ የሰጣችሁት፣ አሁን የማትፈልጉት ውክልና ካለ በስልክ «ከዛሬ ጀምሮ ትቼዋለሁ» ማለት አይበቃም። መሻሩን በጽሑፍ አድርጋችሁ አስመዝግቡ፤ ለተወካዩ አሳውቁ፤ ለባንኩና ለክፍለ ከተማው የመሬት ጽሕፈት ቤት ንገሩ፤ ዋናውን ወረቀት ተቀበሉ። በእጁ እስካለ ድረስ፣ መሻሩን ለማያውቅ ገዢ ሊያሳየው ይችላል።