ከግራ ሦስተኛው ማን ነው?

ወገኖቼ፣ ዛሬ የምጽፈው ለተግሳጽ ነው። ቅር የሚለው ካለ አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ ነገሩን ግን አልተወውም።

ቤታችሁ ውስጥ አንድ የቆየ ፎቶ አለ። ሳሎን ተሰቅሎ ይሆናል። ወይ ቁም ሳጥኑ ላይ ባለው ሻንጣ ውስጥ፣ ከቤት ካርታውና ከድሮ የግብር ደረሰኝ ጋር ተቀምጧል። ሠላሳ የሚሆኑ ወታደሮች በሦስት ረድፍ ተደርድረዋል። የፊተኞቹ መሬት ተቀምጠዋል፣ መካከለኞቹ አግዳሚ ላይ ናቸው፣ የኋለኞቹ ቆመዋል። ከነሱ አንዱን ታውቁታላችሁ። አያታችሁ ነው፤ ወይ የአያታችሁ ወንድም። የቀሩት ሃያ ዘጠኙስ እነማን ናቸው?

«ጓደኞቹ ናቸዋ!»

ይሄ መልስ አይደለም። እኔም ስንት ዓመት ስመልሰው ስለኖርኩ አውቀዋለሁ።

የኛ ቤት ፎቶ አባባን፣ ማለትም ወንድ አያቴን፣ ብቻ ነው የሚያሳየው። ከደረት በላይ ነው። ኮሪያ የዘመቱ የቃኘው ሻለቃ ሃምሳ አለቃ ነበሩ። በግራ ትከሻቸው ላይ የሰው እጅ አለ። እጅ ብቻ። ባለቤቱ የለም፤ በመቀስ ተቆርጦ ቀርቷል። ልጅ ሆኜ ያንን እጅ ሳይ ያስፈራኝ ነበር።

የቆረጠው አጎቴ ነው። ጊዜው የደርግ ጊዜ ነው። ቃኘው የተውጣጣው ከንጉሡ ጠባቂ ጦር ከክብር ዘበኛ እንደሆነ ታውቃላችሁ። ክብር ዘበኛን ደግሞ የታኅሣሥ 1953ቱ ግርግር፣ ያ የከሸፈው መፈንቅለ መንግሥት፣ አንድ ጊዜ በትኖታል። ከ1966 በኋላ የንጉሡ ወታደር መሆን በራሱ የሚያሳፍር፣ ሲብስም የሚያስጠይቅ ሆነ። አዲሱ መንግሥት ከሰሜን ኮሪያ ጋር ሲወዳጅማ፣ የደቡቡን ወገን ሲረዳ የቆሰለ ሰው ሜዳልያውን ምን ያድርገው? ስንቱ ቀበረው፣ ስንቱ ፍራሽ ውስጥ ሰፋው። አጎቴ አባቱን ከፎቶው ቆርጦ አወጣና የቀረውን ምድጃ ውስጥ ጨመረው። አልወቅሰውም። ፈርቶ ነው፤ መፍራቱም ልክ ነበር።

የምወቅሰው እኛን ነው። ዛሬ ማን አስፈራርቶን ነው የምንቆርጠው?

ሙት ዓመት ሲደርስ የሚሆነውን እናውቃለን። ባነር ይሠራል፣ ቲሸርት ይታተማል። ለዚያ የሚሆን የሟች ፎቶ ይፈለጋል። የወታደሮቹ ፎቶ ከግድግዳ ይወርድና ለአንዱ ጎረምሳ ይሰጣል፤ እሱ በስልኩ ያነሳና የአንዱን ፊት አጉልቶ ሌላውን ያጠፋዋል። ዋናው ፎቶ ማተሚያ ቤት ይቀራል፣ ወይ ከፍሬሙ ሲወጣ ይቀደዳል። ማንም አያዝንለትም። «የሱ ፊት እኮ አለን» እንላለን።

የሌላው ሰው ፊት ግን የለንም፤ ሌላው ሰው ደግሞ የሰው አባት ነው።

ይኼ የገባኝ ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ለቅሶ ቤት ነው። የሥራ ባልደረባዬ አጎት አርፈው ልደርስ ሄድኩ። ከድንኳኑ ወደ ቤት ገብቼ ግድግዳው ላይ አየሁት። ሦስት ረድፍ ወታደር። በመካከለኛው ረድፍ ከግራ ሦስተኛው አባባ ናቸው። ከኋላቸው አንድ ረጅም ሰው ቆሞ ግራ ትከሻቸውን ይዟል። ያ እጅ ባለቤት ነበረው! ፂሙን ቀጠን አድርጎ የተላጨ፣ ፈገግ ያለ ሰው። እዚያው ለቅሶ ቤት ቆሜ ዓይኔ እንባ ሞላ፤ ሰዉ ለሟች መስሎት አጽናናኝ።

ነገሩ ግን ወዲያው ተወሳሰበ። የቤቱ ሰዎች ከግራ ሦስተኛውን የነሱ ዘመድ ነው ይላሉ። ሃያ ዓመት ሙሉ እንዲያ ሲሉ ኖረዋል። ግንባሩ ይመስላል፣ አፍንጫው ይመስላል። በስሙ ተዝካር ሲወጣ ያ ፊት ጎልቶ ታትሟል። እኔም የተቆረጠውን አምጥቼ ባሳይ «ሰው ከሰው ይመሳሰላል» አሉኝ፤ እውነታቸውን ነው፣ ይመሳሰላል።

ከአርባቸው በኋላ እማማን፣ ማለትም ሴት አያቴን፣ ይዤ ሄድኩ። ዘጠና አልፏቸዋል፣ ዓይናቸው ደክሟል። ፎቶውን ከግድግዳ አውርደው ጭናቸው ላይ አኖሩላቸው። ፊቱን አላዩም። ጣታቸውን ወደታች አንሸራትተው ጉልበት ላይ ያረፉትን ሁለት እጆች ፈለጉ።

«ይኸው፤ አውራ ጣታቸውን ጡጫቸው ውስጥ ይደብቃሉ። ተኝተውም እንዲሁ ነበሩ።»

ቤቱ ጸጥ አለ። ማንም አልተከራከረም። አውራ ጣቱ በእርግጥም አይታይም ነበር። ከዚያ የቤቱ ታላቅ እህት ቀስ ብለው «የኛስ ታዲያ የትኛው ነው?» ብለው ጠየቁ። ይሄ ጥያቄ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ።

ወገኖቼ፣ እስቲ አስቡት። አንድ የጦር ክፍል ተሰብስቦ ፎቶ ሲነሳ ያ ፎቶ የሚታተመው ላንድ ሰው አይደለም። እያንዳንዱ አንድ ቅጂ ያስቀራል። አንዱ ለእናቱ ጎጃም ይልካል፣ አንዱ ለሚስቱ ሐረር፣ አንዱ ለእጮኛው ጉለሌ። አንድ ፎቶ ሠላሳ ቤት ገባ ማለት ነው። በያንዳንዱ ቤት የሚታወቀው ስም ደግሞ አንድ ብቻ ነው። ሠላሳው ቤት ቢገናኝ ሠላሳው ሰው ስሙን ያገኛል። እኛ ግን የራሳችንን ቆርጠን ወስደን የሌላውን ጥለነዋል። ሌላውም የኛን ጥሎታል።

እነዚያ ሰዎች እኮ እንዲህ አልነበሩም። በሚያዝያ 1943 ከአዲስ አበባ በባቡር ጅቡቲ ወርደው፣ በመርከብ ሦስት ሳምንት ያህል ተጉዘው ቡሳን ገቡ። «ቃኘው» የሚለውን የራስ መኮንንን ፈረስ ስም ይዘው በአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ሥር ተሰለፉ። ሐምሌ 20 ቀን 1945 ተኩስ እስኪቆም ሦስት ሻለቃ ተፈራርቆ ተዋጋ። ከ3,000 በላይ ሰው ዘመተ፤ ከ120 በላይ ወደቀ፤ ከ500 በላይ ቆሰለ። ከሁሉ የሚወራላቸው ግን ሌላ ነው። አንድም ምርኮኛ አልሰጡም። የወደቀውን ጓደኛ በጥይት መሐል ተመልሰው፣ ተሸክመው ነው ከኮረብታው የወረዱት። ሬሳ እንኳ ጥለው አልመጡም።

እኛ ሳሎናችን ውስጥ፣ ጥይት በሌለበት፣ ጥለናቸዋል።

ኮሪያውያን አገራቸው ቹንቾን ከተማ ላይ ሐውልት አቁመውላቸዋል፣ መታሰቢያ አዳራሽም ሠርተውላቸዋል። እዚህ አዲስ አበባ አፍንጮ በርም ሐውልት አለ። እሰየው ነው። ሐውልት ግን ከግራ ሦስተኛው ማን እንደሆነ አይነግረንም። ያንን የሚያውቁት አንዲት አሮጊት ናቸው፤ አሁን፣ ይሄን ስታነቡ፣ ጓዳ ውስጥ ተኝተው ይሆናል።

ስለዚህ ሳይቃጠል በቅጠል። ዛሬ ማታ ፎቶውን አውርዱ። ከመስታወቱ የማይላቀቅ ከሆነ አትታገሉት፣ ከነመስታወቱ ደጅ ጥላ ውስጥ ፍላሽ ሳትጠቀሙ አንሱት። ከተላቀቀ ጀርባውንም አንሱ። የፎቶ ቤት ማኅተም፣ በእርሳስ የተጫረ ቀን፣ ግማሹ የጠፋ ስም፣ ሁሉም እዚያ ነው ያለው። በእስክሪብቶ ጀርባው ላይ አትጻፉ፣ ቀለሙ ወደ ፊት ይወጣል። ላሚኔት አታስደርጉት። እኔ አንዱን ለማዳን ብዬ ላሚኔት አስደርጌው ሙቀቱ አበላሽቶት ቀርቷል።

ከዚያ ከሽማግሌው አጠገብ ተቀመጡ፤ ስልካችሁ ድምፅ ይቅዳ። አጠያየቁን ግን አደራ። «ይሄ አባባ አይደሉም?» ብላችሁ አትጠይቁ። እሳቸው እናንተን ለማስደሰት «አዎ ልጄ» ይላሉ፣ ስሕተቱም ለልጅ ልጅ ይተላለፋል። «ይሄ ማነው?» በሉና ዝም በሉ። ዝምታው ይርዘም። «አላውቀውም» ካሉ አላውቀውም ብላችሁ ጻፉ። ስም ባይመጣ ቅጽል ስም ይመጣል፣ የአገሩ ስም ይመጣል፣ «ክራር የሚመታው» ይመጣል። አንዳንዱ በሠራዊት ስሙ፣ አንዳንዱ በክርስትና ስሙ ነው የሚታወቀው። ሁሉንም ጻፉት።

መልክ ብቻ አይታችሁ አትፍረዱ። ልብሱን፣ ማዕረጉን፣ ትከሻው ላይ ያለውን ምልክት እዩ። የ7ኛው ክፍለ ጦር ምልክት ክብ ነው፤ ውስጡ ሁለት ሦስት ማዕዘኖች ጫፍ ለጫፍ ተገናኝተው የአሸዋ ሰዓት ይመስላሉ። እሱን ካያችሁ ወደ ኮሪያ ቀርባችኋል። በተረፈ ቆብ ያደረገ ወታደር ሁሉ ኮሪያ ዘማች አይደለም። ጠቅል ብርጌድ ኮንጎ ዘምቷል። የኮንጎውን ፎቶ «ኮሪያ» ብላችሁ ስትለጥፉ የአንዱን አባት ታሪክ ለሌላው እየሰጣችሁ ነው።

ውጭ አገር ላላችሁ ደግሞ ለብቻው የምለው አለኝ። አንድ የማውቀው ልጅ አሜሪካ ሆኖ የአያቱን ፎቶ ሲያገኝ ጀርባው ላይ 1945 ይላል። ደስ ብሎት «አያቴ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት» ብሎ ለመላ ዘመዱ ላከው። 1945 እኮ የኛ ቁጥር ነው! በፈረንጅ 1952 መጨረሻና 1953 ነው። ጻፊው ዓ.ም. ብሎ አላብራራም፤ የሚያነበው ሌላ ሰው ይሆናል ብሎ አላሰበም። ልጁ አባቱን ደውሎ ቢጠይቅ በአንድ ደቂቃ ይታረም ነበር። አባቱ በሕይወት አሉ። ቀኑን ከማስተርጎማችሁ በፊት በየትኛው አቆጣጠር እንደተጻፈ ጠይቁ።

በተለይ ዋሽንግተንና ሜሪላንድ ያላችሁ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ቡና ስትጠጡ የአሜሪካ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት የፎቶ ክምችት ከእናንተ ትንሽ ራቅ ብሎ ኮሌጅ ፓርክ ነው። የአሜሪካ ጦር ፎቶ አንሺዎች ያነሱት የኮሪያ ጦርነት ፎቶ እዚያ አለ። ሄዳችሁ ስትፈልጉ አንድ ነገር አትርሱ፤ የኛን ስም የጻፈው እንደሰማው የጻፈ ፈረንጅ ነው። ገብረን፣ ኃይለን፣ ወልደን በስንት ዓይነት ሆሄ እንደሚጽፉት እናንተ ከኔ ይበልጥ ታውቃላችሁ። የአባትን ስም የቤተሰብ ስም አድርገው ይወስዱታል። አንድ አጻጻፍ ሞክራችሁ «የለም» ብላችሁ አትመለሱ።

የኮሪያዎቹ እያለቁ ነው፤ ለብዙዎቹ አሁን መልስ የሚሰጡት ሚስቶቻቸውና ታናናሽ እህቶቻቸው ናቸው። የኦጋዴን ዘማቾች ግን ገና አሉ። በብሔራዊ ውትድርና ከሰፈር ታፍሰው የቀሩት ልጆች እናቶችም አሉ። አንዳንዷ እናት ያላት የልጇ ፎቶ የተማሪ መታወቂያ ላይ ያለችው ጉርድ ብቻ ናት። ልጇ ግን ምናልባት የሌላ ሰው ሻንጣ ውስጥ ባለ ፎቶ ላይ፣ ካምፕ ደጃፍ ቆሞ እየሳቀ ይሆናል። ሻንጣው የናንተ ቢሆንስ? የነዚህን ፎቶ እንደ ኮሪያዎቹ ሃምሳ ዓመት አናስቀምጠው።

የራሳችሁን ሰው ስታገኙ ደስ ይላችኋል፣ ይገባችኋል። ያኔ ግን ፎቶውን አታጥፉት። ቁጥር ስጡት፤ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ረድፍ በረድፍ። የታወቀውን ስም ጻፉ፣ ያልታወቀውን ባዶ ተዉት፣ ሙሉውን ላኩ። ባዶው ቦታ ለሌላ ሰው ጥሪ ነው።

የኛው ፎቶ አሁን ሙሉ ቅጂው ቤታችን አለ። ለቅሶ ቤቱ ሰዎች አስባዙልን። ፎቶው ላይ ካሉት ሠላሳ አንድ ሰዎች አሥራ አንዱ ስም አግኝተዋል። ትከሻ የያዘው ሰው የባልደረባዬ አጎት የሞቱበት ቤት ጎረቤት አባት ሆኖ ተገኘ፤ ልጁ መጥቶ የተቆረጠውን ፎቶ ከሙሉው ጎን ይዞ ረጅም ጊዜ አየው። የታላቅ እህትየው ዘመድ ግን እስካሁን አልታወቀም። ምናልባት ከኋላ ረድፍ ፊቱ በሌላ ሰው ቆብ የተጋረደው ነው ይላሉ፤ «ምናልባት» ብለን ነው የጻፍነው።

እማማ ዓምና ዐረፉ። ከመሞታቸው ትንሽ ቀደም ብሎ ፎቶውን ደግሜ አሳየኋቸውና በኋለኛው ረድፍ ከቀኝ አራተኛውን ጠየቅኋቸው። ቆቡን አውልቆ በእጁ የያዘ፣ ሲነሳ ራሱን ስላዞረ ፊቱ ትንሽ የደበዘዘ ሰው ነው። ብዙ ዝም አሉ። ከዚያ «እሱማ ደብረ ማርቆሴው ነው፤ እናቱ በየፋሲካው ቅቤ ትልክልን ነበር» አሉ። ስሙ አልመጣላቸውም። ደብረ ማርቆስ ያላችሁ፣ እናታቸው አዲስ አበባ ለልጃቸው ጓደኛ ቤት ቅቤ ይልኩ የነበሩ፣ ልጃቸው በ1944 ወይ በ1945 ኮሪያ የዘመተ ቤተሰቦች ካላችሁ፣ ፎቶው እኛ ጋ ነው።