ማዕድኑ የት እንዳለ በአጭሩ ንገሩን!

በመርከብ ከፕላኔት ፕላኔት እየተዞረ ማዕድን ስለሚለቀምበት ኖ ማንስ ስካይ ስለሚባለው ጌም ቪዲዮ የምትሠሩና የምትጽፉ ሰዎች፣ ዛሬ የምናገረው እናንተን ነው። አንድ ሰው «አክቲቬትድ ኢንዲየም የሚባለው ማዕድን የት ነው የሚገኘው?» ብሎ ቢጠይቅ መልሱ ሁለት መስመር አይሞላም። ታዲያ ለምንድነው ግማሽ ሰዓት የምታስቀምጡን? መጀመሪያ ረጅም ሰላምታ፣ ከዚያ ሰብስክራይብ አድርጉ፣ ከዚያ ስለ መርከባችሁ ቀለም፣ ከዚያ ስፖንሰር። እኛ እኮ የምናየው ዳታ ገዝተን ነው! ፓኬጁ አልቆ ቪዲዮው ቀጥ ሲል ማዕድኑ የት እንዳለ ገና አልተነገረም።

መልሱ ይኸው። የኮከቡን ቀለም እዩ። ቢጫ ከሆነ መዳብ፣ ቀይ ከሆነ ካድሚየም፣ አረንጓዴ ከሆነ ኤመሪል፣ ሰማያዊ ከሆነ ኢንዲየም። ከዚያ አየሩ በጣም የከፋ ፕላኔት ፈልጉ፤ አክቲቬትድ የሚባለው ዓይነት ያለው እዚያ ነው። ከመርከብ ሳትወርዱ ስካን ስታደርጉ ዝርዝሩ ላይ ይወጣል። ካልወጣ አትውረዱ፣ ለመነሳት ነዳጅ ይበላል። አለቀ! ልዩነቱ ደግሞ ቀላል አይደለም። ከ2 መዳብ ተጣርቶ የሚወጣው 1 ክሮማቲክ ሜታል፣ ማለትም ዕቃ የሚሠራበት ብረት፣ ነው፤ ከ1 አክቲቬትድ ኢንዲየም ግን 4 ይወጣል።

ጀማሪውን «ሰማያዊ ኮከብ ሂድ» ብለው ልከውት ኢንዲየም ድራይቭ የሚባለውን የመርከብ መሣሪያ ካልገጠመ መርከቡ እንደማይደርስ የማይነግሩትስ? ስቶርም ክሪስታል የሚባለው ውድ ድንጋይም እንደዚያው ነው። «አየሩ የከፋ ፕላኔት ላይ አለ» ብለው ያልፋሉ። ክሪስታሉ የሚበራውና የሚለቀመው ውሽንፍሩ ሲነሳ ብቻ እንደሆነ፣ ያኔ ደግሞ የልብሱ መከላከያ ዓይናችሁ እያየ እንደሚያልቅ ማን ይናገር?

ከሁሉም የባሰው ግን ያረጀ መረጃ ነው። ጌሙ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው። በ2018 ኔክስት የሚባለው አፕዴት ሲመጣ የማዕድኑ ዝርዝር ተገለባበጠ። ሄሪዲየም ጠፋ፣ ፕሉቶኒየም ጠፋ፣ ዚንክ ይሰጥ የነበረው ቢጫ አበባ ሶዲየም መስጠት ጀመረ። ዛሬም ግን ስትፈልጉ «ሄሪዲየም ከፈለጋችሁ ትልልቅ ሰማያዊ ዓምዶችን እዩ» የሚል ጽሑፍ ይመጣላችኋል። የአክስቴ ልጅ ይህን አምኖ፣ ስሙን ደብተሩ ላይ በእርሳስ ጽፎ፣ ከፕላኔት ፕላኔት ሲንከራተት አመሸ። የሌለ ነገር ነው እኮ የሚፈልገው! ልጁ ምን አጠፋ? ያነበበውን ነው የሠራው። በ2025 ደግሞ ሐምራዊ ኮከቦችና እዚያ የሚገኘው ኳርትዛይት የሚባል ማዕድን ተጨምረዋል፤ ስለዚህ ቀለሙ አራት ብቻ ነው የሚል ጽሑፍም ጊዜው አልፎበታል።

ስለዚህ እባካችሁ፣ የጻፋችሁበትን ዓመት ርዕሱ ላይ አድርጉ። የድሮውን ወይ አጥፉት ወይ አናቱ ላይ «ይህ አሁን አይሠራም» በሉበት። አሪፍ ፕላኔት አግኝታችሁ ፎቶ ስትለጥፉም ፎቶ ሞድ ላይ ከታች በግራ በኩል የሚወጡትን 12 ምልክቶች ቆርጣችሁ አትጣሉ። የፕላኔቱ አድራሻ ስለሆነ በፖርታል፣ ማለትም ከፕላኔት ፕላኔት በሚያሻግረው በር፣ ቀጥታ የሚያስገባን እሱ ነው። የጋላክሲውንም ስም ጨምሩበት።