ቆሞ የሚያየውን ሰው ተዉት

የአዳማ ሰዎች፣ ቤት የምታሠሩ፣ ክሬን የምታከራዩ፣ ክሬን የምትነዱ፣ ፎርማኖች፣ ዛሬ የምጽፈው ለእናንተ ነው። ተቆጥቼ ነው የምጽፈው። ይበርድልኛል ብዬ ሁለት ሳምንት ጠበቅሁ፣ አልበረደልኝም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የአክስቴን ቤት የማሠራው እኔ ነኝ። እሷ አርጅታለች፣ ልጆቿ ውጭ ናቸው። ስለዚህ ሲሚንቶ የምቆጥረው፣ ከፎርማኑ ጋር የምጨቃጨቀው፣ ቅዳሜ ቅዳሜ የምከፍለው እኔ ነኝ። ቤቱ ከፍራንኮ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ነው፣ ባለ ሁለት ፎቅ። ከአጥሩ ውጭ መንገዱ ዳር የመብራት ምሰሶ አለ፣ ከላይ ሦስት ሽቦ ተዘርግቷል። በየቀኑ ከሥሩ አልፋለሁ። አንድም ቀን ቀና ብዬ አይቼው አላውቅም።

የዚያን ቀን ለሁለተኛው ሶሌታ፣ ለኮንክሪት ወለሉ ማለቴ ነው፣ የሚሆን የፌሮ ብረት መጣ። ባለ 16 ሚሊ፣ ያልታጠፈ፣ ያልተቆረጠ፣ 12 ሜትር ሙሉ ቤርጋ። በሰው ጉልበት የሚወጣ ስላልሆነ ክሬን ተከራየን። ክሬን በሰዓት ነው የሚከፈለው፣ ታውቃላችሁ። ከቀኑ 8 ሰዓት ይደርሳል የተባለው 9 ተኩል ላይ መጣ። እኔ ገና ሳይመጣ ተናድጄ ጨርሻለሁ። ኦፕሬተሩ ወረደ፣ ሽቦውን አየና ራሱን ነቀነቀ። "በዚህ በኩል ባይሆን ጥሩ ነበር" አለ። በሌላው በኩል ደግሞ የብሎኬት ክምር አለ፤ እሱን ማንሳት ግማሽ ቀን ይፈጃል። ፎርማኑ "ችግር የለም፣ የሚያሳይህ ሰው እናቆማለን" አለው። አንዱን የቀን ሠራተኛ ጠራ። "አንተ፣ ና እዚህ ቁም። ሽቦውን እይ። ሲጠጋ በቃ በለው።"

ሥልጠናው ይኸው ነበር። በቃ።

ልጁ ሃያ ዓመት ቢሆነው ነው። ከገጠር ከመጣ ዓመት አልሞላውም። ስሙን አላውቅም ነበር፤ "አንተ ልጅ" ነበር የምለው። ቆመ። አንገቱን ቀና፣ ቀኝ እጁን ከፍ አድርጎ ዓይኑን ሳይነቅል ያይ ጀመር። አሁን ሳስበው እዚያ ግቢ ውስጥ ሥራውን በትክክል ይሠራ የነበረው እሱ ብቻ ነው። የመጀመሪያው እስር ፌሮ ወጣ። ሁለተኛው ሲወጣ ልጁ "በቃ! በቃ!" ብሎ ጮኸ። ኦፕሬተሩ አቆመ፣ የክሬኑን ክንድ መለስ አደረገ፣ እንደገና አነሳ። ምናልባት አንድ ደቂቃ ቢፈጅ ነው። እኔ ግን ሰዓቴን አየሁ።

ሦስተኛው ሲነሳ ነፋስ መጣ። የአዳማን የከሰዓት ነፋስ ለእናንተ አልነግራችሁም፤ ተራራው ላይ ተርባይን የተተከለለት ነፋስ ነው። አቧራው ተነሳ፣ የተንጠለጠለው ፌሮ መዞር ጀመረ። አንድ ሰውዬ ጫፉን ይዞ ያቃና ነበር፣ ነፋሱ ከእጁ ነጠቀው። ልጁ ከጎኑ ቆሞ ወደ ላይ ያያል። ያኔ ነው የተናገርኩት። "አንተ ምን ትገተራለህ? ያዝለት እንጂ!"

እኔ ነኝ ያልኩት። ፎርማኑ አይደለም። ኦፕሬተሩም አይደለም። እኔ ነኝ።

ልጁ አንዴ ዞር ብሎ አየኝ። ከዚያ ያቺን ከፍ ያደረጋትን እጁን አወረደና ፌሮውን ያዘ። በዚያች ቅጽበት ወደ ላይ የሚያይ አንድም ሰው አልነበረም። ስድስት ሰው ነን፣ ሁላችንም ወደ ታች እናያለን። የፌሮው ሌላኛው ጫፍ በነፋሱ ወደ ሽቦው ዞረ።

ድምፁን እንዴት ልንገራችሁ። ጠመንጃ የተተኮሰ መሰለኝ። ሰማያዊ ብርሃን አየሁ፣ ከዚያ ልጁ መሬት ላይ ነበር። ከያዘበት ቦታ ሦስት እርምጃ ያህል ወርውሮታል። ከዚያ ጸጥ አለ። ከማዶ ከሱቁ ይጮህ የነበረው ሙዚቃ ተቋረጠ፣ የብረት ቤቱ መፍጫ ቆመ። ሰዎች ከየበራቸው ወጡ። ከዚያ ሁሉ ጸጥታ በኋላ መጀመሪያ የሰማሁት ቃል "መብራት ሄደ" የሚል ነው። የልጁ ግራ ጫማ ታችኛው ሶሉ ተበስቶ ነበር። በእጁ የገባው ኤሌክትሪክ በእግሩ ነው የወጣው።

ኦፕሬተሩን እግዜር ይስጠው፣ ከጋቢናው አልወረደም። "አትጠጉ! መኪናውን እንዳትነኩ!" እያለ ይጮህ ነበር። እኛ ደግሞ ሮጠን ልንሄድ ነበር። መብራቱ ስለጠፋ ሽቦው የሞተ መስሎናል። ኋላ ነው የገባኝ፣ እንዲህ ያለ መስመር ተቋርጦ በራሱ ጊዜ ሊመለስ ይችላል።

ሐኪም ቤት ካርድ የምታወጣው ልጅ "ስም?" አለችኝ። ዝም አልኩ። "የታካሚው ስም?" አለች እንደገና። አንድ ወር ሙሉ ያሠራሁትን፣ በእጄ ደመወዝ የሰጠሁትን ልጅ ስም አላውቅም። ፎርማኑ ጋ ደወልኩ። እሱም የሚያውቀው በቅጽል ስሙ ነው። አሁን ስሙን ከነአባቱ አውቀዋለሁ። እዚህ አልጽፈውም፤ እናቱ ሰው መጠቋቆሚያ እንዳያደርገው ለምናኛለች።

ቀኝ እጁ ከክርኑ በታች ተቆረጠ። ከግራ እግሩ ሁለት ጣት። በአምስተኛው ቀን ብርቱካን ይዤ ገባሁ። ምን እንደምል አላውቅም ነበር፤ በሩ ላይ ብዙ ቆሜያለሁ። እሱ ቀድሞ ተናገረ። "ይቅርታ ጋሼ" አለኝ፣ "ዓይኔን ነቀልኩ።"

ይቅርታ የጠየቀኝ እሱ ነው። እኔን!

ወገኖቼ፣ ይህን ሰምቼ የምተኛበት ሌሊት አላገኘሁም። የሕክምናውን ወጪ እየከፈልን ነው። እባካችሁ ደግ ሰው ነህ አትበሉኝ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪ ሠራተኛውን ስለሥራው አደጋ አስቀድሞ እንዲያሳውቀው፣ እንዲያስተምረው ግዴታ ይጥላል። ሥራ ላይ ለሚደርስ ጉዳትም ጥፋት የለብኝም ብሎ እንዲያመልጥ አይፈቅድለትም። እኔ ደግሞ ጥፋት አለብኝ።

ብቻዬን ጥፋተኛ ብሆን ኖሮ ይህን አልጽፍም ነበር። ንስሐ አባቴ ጋ ሄጄ እጨርሰው ነበር። እንድጽፍ ያደረገኝ ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ቡና ላይ የሰማሁት ሁሉ "ዕድሉ ነው"፣ "ቀን ጥሎት ነው"፣ "እግዜር ያመጣውን ማን ይመልሰዋል" የሚል ነው። ምን ዕድል? እይ የተባለውን ልጅ አትይ ያልኩት እኔ አይደለሁም? ይህን ምን ብላችሁ ነው እግዜር ላይ የምታላክኩት? ቀኑን ሙሉ "እንኳን አመለጥክ" እያሉ እኔን ያጽናኑኛል። እኔ ከምን አመለጥኩ? አጠገቡም አልነበርኩም። ልጁን የጠየቀልኝ ሰው ግን በጣት ይቆጠራል።

ከዚያ በአሥራ ሁለተኛው ቀን ሁለት መንገድ አለፍ ብሎ ሌላ ግቢ በር ላይ ክሬን ቆሞ አየሁ። ያው ሽቦ ነው፤ ቀጥሎ የሚሄደው። ከሥሩ አንድ ወጣት ቆሟል። በአንድ እጁ የጭነቱን ገመድ ይጎትታል፣ በሌላው "ና፣ ና፣ ና" ይላል፤ አንዴ ወደ ላይ አንዴ ወደ ታች ያያል። ጠጋ ብዬ ለፎርማኑ ነገርኩት። "ሰምተናል ጋሼ፣ ያሳዝናል" አለኝ። ከዚያ ወደ ልጁ ዞሮ "ቶሎ በል!" አለው። እዚያው መንገድ ላይ አለቀስኩ።

ምን ሆነናል? እኛ አገር ቆሞ የሚያይ ሰው ሥራ ፈት ነው። እጁ ባዶ የሆነ ሰው ገንዘብ የምንጥልበት ይመስለናል። አካፋ ካልያዘ፣ ካልተሸከመ፣ ካላላበው አይሠራም። ለዚህ ነው ሽቦ እንዲያይ ያቆምነውን ልጅ አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ገመድ የምናስይዘው። ዓይንም ሥራ ነው። ያን ሥራ የያዘ ሰው ሌላ ሥራ ከያዘ የሚያይ ሰው የለንም ማለት ነው፤ ያለን እየመሰለን የለንም፣ ይህ ደግሞ ጭራሹኑ ካለመኖሩ ይብሳል፣ ምክንያቱም ኦፕሬተሩ "የሚያሳየኝ አለ" ብሎ ተማምኖ ያነሳል።

ደግሞ ለዚህ ሥራ ማንን እንደምናቆም እዩ። ትንሹን፣ አዲሱን፣ ደመወዙ ዝቅተኛ የሆነውን። ያ ልጅ ሁለት ጊዜ ቢያስቆም ሦስተኛው ላይ እንሰድበዋለን። "በቃ" ብሎ ባለቤቱን፣ ፎርማኑን፣ ኦፕሬተሩን ማስቆም ያለበትን ሰው ከሁላችንም ደካማውን እንመርጣለን። ከዚያ ለምን አላስቆመም እንላለን።

ከዚያ ወዲህ የሚያውቁ ሰዎችን ስጠይቅ ነው የከረምኩት። መጠየቅ የነበረብኝ በፊት ነበር። የነገሩኝን ልንገራችሁ።

በየሰፈራችን የምታዩት ከፍ ያለው መስመር አብዛኛው 15 ወይም 33 ኪሎ ቮልት ነው። ሽቦው ራቁቱን ነው፤ ወፍ ስላረፈበት የተሸፈነ እንዳይመስላችሁ። በጣም ከተጠጋ ሳይነካም አየሩን ዘሎ ይይዛል። የአሜሪካኖቹ የክሬን ደንብ እስከ 50 ኪሎ ቮልት ላለ መስመር ቢያንስ 10 ጫማ ራቁ ይላል፣ ሦስት ሜትር መሆኑ ነው። ሦስት ሜትር ደግሞ ከታች ሆኖ በዓይን አይለካም። ሥሩ ቆመህ ሽቦውና የክሬኑ ጫፍ ምን ያህል እንደተራራቁ ማወቅ አትችልም። የሚያየው ሰው ጎን ለጎን ፈንጠር ብሎ፣ ፀሐይን ከጀርባው አድርጎ፣ ኦፕሬተሩ በሚያየው ቦታ መቆም አለበት። መሬት ላይ ኖራ ይሰመርለት፣ ወይ ባንዲራ ይተከልለት። እጁ ባዶ ይሁን። ምልክቱን ከኦፕሬተሩ ጋር ቀድመው ይነጋገሩ። ኦፕሬተሩ ካላየው ወይ ካልሰማው ሥራው ይቁም። ነፋስ ከመጣም ይቁም። ሽቦውም ይወዛወዛል፣ ጭነቱም ይወዛወዛል።

ከሁሉ የከበደኝ ግን ይህ ነው። የሚያይ ሰው ማቆም የመጨረሻው ነገር ነበር። ከዚያ በፊት ብዙ ነገር ነበረ። የብሎኬቱን ክምር አንስተን በሌላው በኩል ማስገባት እንችል ነበር። ግማሽ ቀን። ፌሮውን መሬት ላይ ቆርጠን በአጭር በአጭሩ ማውጣት እንችል ነበር። የኤሌክትሪክ አገልግሎት ጋ ቀድመን አመልክተን መስመሩ እንዲቋረጥልን መጠየቅ እንችል ነበር፤ 905 መደወል እንኳ አልሞከርንም። ይጓተታል፣ አውቃለሁ፣ ወረፋውን እኔም አውቀዋለሁ። ቢጓተትስ? ይህን ሁሉ ዘለን አንድ ልጅ አቆምን። እሱንም ማየቱን አስተውነው።

የክሬን ልጆች፣ ለእናንተ አንድ ነገር። ክንዱ ሽቦ ከነካ አትውረዱ። መኪናውን ነክታችሁ መሬት ስትረግጡ ነው የሚገድላችሁ። እሳት ከተነሳ ብቻ፣ መኪናውን ሳትይዙ፣ ሁለት እግር ገጥማችሁ ዝለሉ፣ ከዚያም እግራችሁን ሳታራርቁ እየጎተታችሁ ራቁ። ሌላው ሰው ከ10 ሜትር በላይ ይራቅ። እና ባለቤት ሲቆጣችሁ አትፍሩ። የእኛ ኦፕሬተር "ባይሆን ጥሩ ነበር" ብሎ ነበር። "አላነሳም" ቢለኝ እሰድበው ነበር፣ ሌላ ክሬንም እጠራ ነበር። ዛሬ ግን እጁን እስመው ነበር።

ለገልባጭ ሾፌሮችም፣ መሰላል ለምትሸከሙ ቀቢዎችም ነገሩ ያው ነው። ቀና በሉ።

ልጁ ባለፈው እሑድ ከሐኪም ቤት ወጣ። በግራ እጁ ማንኪያ መያዝ እየተለማመደ ነው። እናቱ ሽሮ ሠርታ አብረን በላን። ስለዚያ ቀን አላወራንም። ስወጣ በር ድረስ ሸኘኝና "ጋሼ፣ አሁን ማን ያያል?" አለኝ። የግቢውን ሥራ ማለቱ ነው። ሥራው እንደቆመ ነገርኩት፤ የብሎኬቱ ክምር ሳይነሳ ክሬን እንደማይገባም ነገርኩት። ዝም አለ። ያመነኝ አልመሰለኝም። አልፈርድበትም።

ትናንት ማታ ያ ሁለት መንገድ አለፍ ብሎ ያለው ፎርማን ደወለልኝ። ስልኬን ከማን እንዳገኘ አላውቅም። ረቡዕ ክሬን እንደገና ይመጣል። "ያ ያሉኝ፣ የሚያይ ብቻ ሰው፣ ስንት ይከፈለዋል?" ብሎ ጠየቀኝ። ፌሮ ለሚሠራው የምትከፍለውን ክፈለው አልኩት። መጀመሪያ ግን መስመሩን ሳትነኩ የምታስገቡበት ሌላ በኩል እንዳለ እዩ አልኩት። ብዙ ዝም አለ፤ የዘጋው መስሎኝ ነበር። ከዚያ "ባለቤቱን ልጠይቅ" አለ።

ረቡዕ ጠዋት እሄዳለሁ። በዓይኔ ሳላይ አላምንም።