ማስተካከያ፦ ባክቴሪያ መድኃኒት «አይለምድም»

ባለፈው ሳምንት ስለ አንቲባዮቲክ ስጽፍ «ባክቴሪያ መድኃኒቱን ደጋግሞ ሲያገኘው ይለምደዋል» ብያለሁ። ተሳስቻለሁ፤ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

አሜሪካውያኑ ተመራማሪዎች ጆሹዋና አስቴር ሌደርበርግ በ1952 እ.ኤ.አ. ባክቴሪያ የበቀለበትን ሳህን በከፋይ ጨርቅ እየተጫኑ፣ ልክ እንደ ማኅተም ወደ ሌሎች ሳህኖች ገለበጡት። ስትሬፕቶማይሲን የተባለው አንቲባዮቲክ ካለበት ሳህን ላይ የተረፉት፣ መድኃኒቱን ጭራሽ ካላገኘው ከመጀመሪያው ሳህን ላይም ተገኙ። የሚቋቋመው ዘረመል ቀድሞም ነበረ፤ መድኃኒቱ ሌሎቹን ገድሎ ቦታውን ለቀቀላቸው። ይባስ ብሎ ባክቴሪያዎች ዘረመሉን እርስ በርስ ይቀባበሉታል።

ደሴ፣ ሰኞ ገበያ አንዲት እናት ከመቀነታቸው ጫፍ የተረፈ አሞክሳሲሊን ፈትተው ለጎረቤት ልጅ ሲሰጡ፣ «ሰውነቱ ገና አልለመደውም፣ ይሠራለታል» አሉኝ። እማማ፣ ልጁ መድኃኒቱን ቀምሶት ባያውቅም የያዘው ባክቴሪያ የሚቋቋም ሊሆን ይችላል።